የደጁ መቃን

የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ሳትሳለም ሥራ ገብታ አታውቅም፤ በዚህም ጎረቤቶቿ ላይ ትኮራ ነበር። ያን ዕለት ጧት ግን የሰቆጣ ገበያ ጋ ስትደርስ ቀጥ አለች። ተሳልማለች ወይስ አልተሳለመችም? ግንባሯን ዳበሰች፤ ምንም ትዝ አላላትም። እግዜርን ቀረብኩት ስትል የት ጥላው እንደመጣች ግራ ቢገባት ተመለሰች።

"እማሆይ፣ ቅድም ተሳልሜ ነበር እንዴ?" አለቻቸው፣ ደጁ ሥር ሁልጊዜ የሚቀመጡትን መነኩሲት።

"መቃኑን ስመሽ ሄደሻል፤ ጧት ጧት እንደምታደርጊው።"

"እፎይ። ሳልስም የሄድኩ መስሎኝ።"

"እኔንም ረግጠሽኝ ሄደሻል፤ ጧት ጧት እንደምታደርጊው።"

ጎንበስ ብላ አየች። በቢጫው ነጠላቸው ጫፍ ላይ የጫማዋ ቅርጽ፣ የቆየው ከአዲሱ ተደራርቦ ታትሟል። ተንበርክካ በእጇ ታራግፈው ጀመር።

"ተይው አንች፤ ነገም ትረግጭዋለሽ" አሉ እየሳቁ።

ከንፈሯ ወደ መቃኑ ይሂድ ወይስ ወደ ጉልበታቸው ጠፋት።