ከአገር ያልወጣው ከስክስ

«ያ ካርቶን የኔ ነው» እላታለሁ ፅዮንን።

ትደነግጣለች። በእግሯ ወደ ባንኮኒው ሥር ገፋ ታደርገዋለች። ዓይኔ ቢደክምም የታሰረበትን ገመዴን አልስተውም፤ ከገዛ በጎቼ ጠጉር በእጄ የገመድኩት ነው። ካርቶኑን በዐቢይ ጾም ለልጄ ለአብነት ነበር የላክሁት፣ ሰላም ያስከብራል ተብሎ ከድንበር ማዶ ወደሄደበት ካምፕ። ውስጡ አዲስ ከስክስ ጫማ አለ። ዛሬ ደግሞ በሶ ልልክለት መጥቼ ነው። እናቱ አስካለ በሶውን ታቅፋ ውጭ ከነፋሱ ተከልላ ተቀምጣለች።

ፅዮን በሞላሌ መናኸሪያ ዕቃ ተቀባይ ናት። ሌላ ቀን ሳቋ ከገበያው ማዶ ይሰማል። ዛሬ ቀና ብላም አታየኝ።

«ጋሼ ወልደ ጻድቅ፣ እሱ እኮ… ተመልሶ ነው።»

«ምን ሆነና?»

«ከአየር ማረፊያ መለሱት። የወታደር ዕቃ በካምፕ አድራሻ ያለ ፈቃድ ወደ ውጭ አገር አይወጣም አሉ። ሕግ ነው።»

«ወይ ጉድ! ከስክስ ወታደር ካላደረገው ማን ሊያደርገው ነው? ቄሰ ገበዙ?»

ሕጉንስ ሰምቼዋለሁ። ጎረቤቴ ጌጡ ወታደር ለሆነው ልጁ የላከው አቅርቦ ማሳያ መነጽር እንዲሁ ተመልሶበት፣ ይኸው ዛሬ በጎቹን ይጠብቅበታል። ስንት ስቀንበታል። ፅዮንም ያኔ ሆዷን ይዛ ነበር የሳቀችው።

«በይ አምጪው።»

«ነገ በማለዳ ቤት ድረስ ይመጣልዎታል። ብቻ ከቤት አይውጡ። ቄስ አትናቴዎስም ብቅ እላለሁ ብለዋል።»

«ቄስ አትናቴዎስ ከመቼ ወዲህ ነው ዕቃ አመላላሽ የሆኑት?»

አትስቅም። እኔም ጎንበስ ብዬ ካርቶኑን እጎትታለሁ። ቋጠሮው የኔ አይደለም። ፈታሾች ፈተውት ይሆናላ፣ እላለሁ በሆዴ።

«እባክዎ እዚህ አይክፈቱት፣ ጋሼ! በማርያም!»

ከፍቼዋለሁ። አንዱን እግር አነሳለሁ። ስገዛው ሶሉ እንደ መጋዝ ጥርስ ነበር፤ አሁን ተረከዙ ተበልቷል። ቆዳው ጣት በሚታጠፍበት ተሸብሽቧል። ስገለብጠው ቀይ አሸዋ ባንኮኒው ላይ ይፈስሳል።

መንዝ እንዲህ ያለ አሸዋ የለም። የኛ አፈር ጥቁር ነው፣ ሲረጥብ ጫማ ይዞ ያስቀራል።

«ፅዮን፣ ከአገር ያልወጣ ጫማ በምን እግሩ ሄደ?»

የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ትከታለች። እንባዋ ግን ቀድሟታል።

አይጠፋኝም። በኛ አገር መርዶ በመናኸሪያ አይነገርም። በማለዳ፣ ቤት ድረስ፣ ቄስና ሽማግሌ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። እስከዚያ የሰማ ሁሉ አፉን ይይዛል፣ የመጣለትን ይዋሻል። እኔ ራሴ ስንቱን ደጅ በማለዳ አንኳኩቻለሁ። ስንቱን እናት ማታ በመንገድ አግኝቼ «ደህና ነው» ብያለሁ።

ልጄን! አብነቴን! ባንኮኒውን እይዛለሁ። ልጮህ አፌን ከፍቼ፣ ውጭ አስካለ ስትስል እሰማታለሁ። አፌን እዘጋለሁ።

ጫማውን እመልሳለሁ። በገመዴ፣ በራሴ ቋጠሮ አስረዋለሁ። አሸዋውን ከባንኮኒው በመዳፌ ጠርጌ እጨብጠዋለሁ። ፅዮን «ጋሼ» ትላለች።

«ነገ በማለዳ ከቤት አንወጣም» እላታለሁ።

ስወጣ አስካለ በሶዋን ይዛ ትነሳለች።

«ምነው፣ ምን አሉ?»

«ሕግ ከልክሎ ነው አሉ። ጫማው ከአገር አልወጣም።»

«እሰይ!» ትላለች ፊቷ ፈክቶ። «እንኳን ተመለሰ! በረሃ ለበረሃ ከሚጨርሰው ሲመጣ አዲሱን ያደርገዋል። እስቲ ልየው።»

እጇን ትዘረጋለች። ካርቶኑን ወደ ደረቴ አስጠጋዋለሁ።

«ቤት ስንደርስ» እላታለሁ። ነፋሱ በጣቶቼ መሐል የሾለከውን አሸዋ ነጠላዋ ላይ ይበትነዋል።