የቮልሷ ሞተር ቁጥር

«እኔ ባልኖር አባዬን ዛሬ በካቴና ታስሮ ነበር የምታዪው» አለቻት ልጅቷ ለጓደኛዋ ለመክሊት፣ የመኪና ምርመራው በር ላይ ቆመው። ከአያቷ የወረሷት ቮልስ ሞተሯ ስለተቀየረ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አይገጥምም። ጀግናዋ ታዲያ ትናንት ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ቁጥሩን በሞረድ ፍቃ ድራሹን አጥፍታለች።

መርማሪው ከቮልሷ ኋላ ጎንበስ ብሎ ቆየና ቀና አለ። «ጋሽ ሸዋንግዛው፣ የሞተሩ ቁጥር ተፍቋል። መኪናዋን መያዝ ሊኖርብኝ ነው።»

አባቷ እጁ ላይ ያለውን የአዲሱን ሞተር ወረቀት አገላብጦ አየ። «ትናንት ጠዋት ከዚህ ጋር አመሳክሬዋለሁ እኮ።»

ልጅቷ ፊቷ በርበሬ መሰለ። «አባዬ፣ እኔ ነኝ የፋቅኩት… መቀየርህን እንዳያውቁብህ ብዬ።»

ዞር ብሎ እንኳ አላያትም።

«መች ደበቅኳቸው? የመጣሁት መቀየሬን ላስመዘግብ ነው።»