ድምፅ የሚያዘገየው ቤት

አፋር በረሃ ላይ ለማርስ ጉዞ መለማመጃ የሠራሁት ቤት በሩ ሲከፈት እልል አልኩ። ለገዛ ቤቴ እልል ብል ማን ይከለክለኛል? ታናሽ ወንድሜ መክብብ ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻውን ኖሮበት በሙሉ ጤና ወጣ! አንዲት ቱቦ እንኳ አላፈሰሰችም።

ከእኛ ጋር ሲያወራ ድምፁ ልክ ከማርስ እንደሚመጣ ሃያ ደቂቃ እንዲዘገይ ያደረግኩትም እኔው ነኝ። «ካልለመደው እዚያ ሲሄድ ይከብደዋል» ብዬ ከሁሉም ተከራክሬ።

እማዬ ሮጣ አቀፈችው። «እንዴት ከረምክ ልጄ?»

«ደህና ነኝ እማዬ። አንቺስ፣ ጉልበትሽን ተሻለሽ? መቼም ተሽሎሻል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ለጎረቤቶቹ ሰላም በይልኝ። በይ ደህና ሁኚ።» ይህን ሁሉ ያለው በአንድ ትንፋሽ፣ እቅፏ ውስጥ እንዳለ ነው።

«ኧረ እኔም ልመልስ እንጂ!» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

ድንኳን ውስጥ ምሳ ስንበላ «መክብብ፣ ወጥ ልጨምርልህ?» አልኩት። ፈገግ ብሎ አየኝና መብላቱን ቀጠለ። በልተን ጨረስን፣ ዕቃው ታጠበ። ስለሚቀጥለው ቤት፣ ስለ ትልቁ፣ በደስታ እየተንተባተብኩ ሳወራ መክብብ ከታጠበው ዕቃ መሃል ሳህኑን አንስቶ ወደ እኔ ዘረጋ።

«አዎ እታለም» አለኝ፤ «ትንሽ ጨምሪልኝ።»