ሰሌዳው ሲደርቅ

መምህርቷ ከአሮጌ ባትሪ ድንጋይ ያወጣችውን ጥቁር ዱቄት በውሃ በጥብጣ የቀባችው ሰሌዳ መድረቅ ሲጀምር፣ በምስማር የተጫረው የደርግ ተቃዋሚዎች መፈክር እንደገና ብቅ አለ፦ «ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ!» በማግስቱ ትምህርት ይከፈታል፤ የቀበሌው ካድሬ የሚቀጥለውን ክፍል ዴስኮች እያገላበጠ ይፈትሻል፤ አብሮት የመጣው ወጣት አብዮት ጠባቂ ደግሞ ከነጠመንጃው በክፍሏ በር ላይ ቆሟል።

«ጓድ መምህርት፣ ይህ የማን ጽሑፍ ነው?» አላት።

ጥቁሩ ውሃ ከጨርቁ እየተንጠባጠበ ጫማዋ ላይ ወረደ። ነፋስ ስልክ ላይ ከዚህ ባነሰ ነገር ከቤቱ ተወስዶ ያልተመለሰ ሰው ታውቃለች። ጽሑፉንም ታውቀዋለች። ፊደሎቹ ሁሉ ወደ ኋላ ጋደል ያሉ ናቸው። እንዲህ የሚጽፍ አንድ ተማሪ ብቻ ነበራት፤ በቀኝህ ጻፍ እያለች መዳፉን በማስመሪያ ስትገርፈው የከረመችው ግራኝ ልጅ። ያ ልጅ ነው አሁን የጠመንጃውን ማንገቻ በግራ እጁ ጨብጦ የሚጠይቃት። ማወቋን ካወቀባት አለቀላት።

«አላውቀውም» አለች፣ ዓይኗን ከሰሌዳው ሳትነቅል።

የካድሬው ኮቴ ከወዲያኛው ክፍል ወጥቶ ወደ እነሱ መጣ። ልጁ ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተጠጋትና ጨርቁን ከእጇ ነጠቀ።

«እኔም አላውቀውም፣ እትዬ» አለ በሹክሹክታ።

ጨርቁን ጥቁሩ ውሃ ውስጥ ነክሮ ጭረቱን ይደፍን ጀመር። ልክ እንዳስተማረችው፣ በቀኝ እጁ ነበር።