የትርሓስ ደንብ

ትርሓስ ከሶፋው ተነሥታለች። ከሥራ በቀጥታ የመጣችበትን የአውቶቡስ ሹፌር ጃኬት አንዱን እጅጌ ብቻ አውልቃ፣ ሌላውን ረስታው፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆማለች። ጨዋታው ሊያልቅ አራት ደቂቃ ቀርቷል።

«ኧረ ከፊታችን ዞር በይ» ይላታል ጉልላት። «አውቶቡስሽ እንኳ መስኮት አለው።»

ዞር አትልም። በስክሪኑ ላይ ሄግማርክ፣ ባለ ሰባ አንድ ቁጥሩ የሆኪ ተጫዋች፣ ከተቀያሪዎች አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ውሃ ይጎነጫል። ዛሬ የመደበኛው ውድድር የመጨረሻ ቅዳሜ ነው። የሌሎቹ ከተሞች ጨዋታ ሁሉ አልቋል፤ ይህ ብቻ፣ በረዶውን የምታለሰልሰው መኪና መሐል ሜዳ ላይ ቆማ ስለቀረች፣ ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ ጀመረ። ስለዚህ የስድስት ጓደኛሞች የሆኪ ፋንታሲ፣ ከመስከረም ጀምሮ በመረጧቸው ተጫዋቾች ነጥብ የለቀሙበት ረጅም ክረምት፣ ሃሉንዳ በተባለው ሰፈር በአንድ ሳሎን፣ በአንድ ልጅ በትር ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል።

ሰንጠረዡ ከቤቱ ባለቤት ከጋሽ ኢሳይያስ ጉልበት ላይ ነው። በእርሳስ ያሠመሩት እሳቸው ናቸው፤ ለስልክ እምነት የላቸውም። እሳቸው አራት መቶ አሥራ ሁለት፤ ትርሓስ አራት መቶ አሥር። አንድ የሄግማርክ ጎል ሦስት ነጥብ ያስገኝላታል። ከሁሉም ግርጌ፣ ስድስተኛው መስመር ላይ፣ ጉልላት አለ።

«ጋሼ፣ ልብዎ እንዴት ነው?» ትላለች ሳትዞር።

«የኔስ ደኅና ነው፤ ያንቺን እዪ። ካላገባ ዋንጫው የኔ፣ ሄግማርክ ያንቺ። ካገባ ዋንጫው ያንቺ፣ ሄግማርክ የጉልላት። ይህን ደንብ ያወጣው ማን ነበር?»

ያወጣችው እሷ ናት። በሊጋቸው እያንዳንዱ ሰው ከቡድኑ አንድ ተጫዋች ለሚቀጥለው ዓመት ያስቀራል፤ የቀሩት ወደ ምርጫው ይመለሳሉ። ጋሽ ኢሳይያስ ባስቀሩት አንድ አጥቂ ሁለት ዓመት ተከታትለው ሲነግሡባቸው፣ ከዚሁ ሶፋ ተነሥታ፣ «ዋንጫ የወሰደ ያስቀረውን ይልቀቅ፤ መጨረሻ የወጣው ይውሰደው» ያለች እሷ ነበረች። በጭብጨባ ጸደቀ። ያን ቀን የራሷ ዋንጫ በሕልሟም አልነበረም።

ሄግማርክን ማንም ሳያውቀው ነው ያገኘችው። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሳለ፣ ስለ መጀመሪያ ጎሉ ሲጠየቅ፣ ከእናቱም ከአሠልጣኙም አስቀድሞ፣ በሰሜኑ ጨለማ ማለዳ ማለዳ ወደ ልምምድ ትወስደው የነበረችውን የአውቶቡስ ሹፌር አመሰገነ። ትርሓስ በዚያው ሳምንት መረጠችው። ጉልላት እስኪያስለው ሳቀባት። ይኸው አራተኛ ዓመቷ ነው፤ አንድም ጊዜ ለቅቃው አታውቅም።

«እኔ ለልጁ ቦታ አዘጋጅቼለታለሁ» ይላል ጉልላት። «የፊት መስመር፣ በቀኝ በኩል።»

«በዐቢይ ጾም የሰው መመኘት አይከብድህም?»

«የተውኩት ሥጋና ወተት ነው፤ ስለ ሆኪ አባ ምንም አላሉኝም።»

ጋሽ ኢሳይያስ ሳቃቸውን በአንድ እፍኝ ቆሎ ያፍናሉ። ቆሎው የቀረበበት ዕቃ ራሱ ዋንጫው ነው፦ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የተገዛ የሆኪ ሄልሜት፣ የአየር ቀዳዳዎቹ በፕላስተር የተደፈኑ። ዓመቱን ሙሉ ተገልብጦ ቆሎ ይይዛል፤ በመጨረሻው ቀን ከአሸናፊው ራስ ላይ ይደፋል።

አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ ቀርቷል። ሄግማርክ አጥሩን ዘሎ ይገባል።

ይሳት፣ ትላለች ትርሓስ በልቧ። ልጁ ይቅርልኝ፤ ዋንጫው ለከርሞ ይደርሳል። ከየትኛውም ወገን ብታየው ሐሳቡ ልክ ነው። ከንፈሯን ነክሳ ትይዘዋለች።

ጥቁሯ ጎማ፣ የሆኪው ኳስ፣ ከግድግዳው ነጥራ ከበትሩ ሥር ትደርሳለች። አንዱን ተከላካይ በግራ ያልፈዋል። ሁለተኛው ይወድቅለታል። ከፊቱ ነጭ በረዶ ብቻ ነው፤ ከበረዶው ማዶ ግብ ጠባቂው።

«ምታ!»

ድምፁ የማን እንደሆነ ለማወቅ ጥቂት ጊዜ ይወስድባታል። የራሷ ነው። «ምታት! ምታት፣ የኔ ልጅ!» ጃኬቱ መሬት ወድቋል፤ ሁለት እጆቿ ኮርኒሱን ሊነኩ ምንም አልቀራቸው።

መረቡ ይርገበገባል።

ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው። ጉልላት፣ ዓመቱን ሙሉ የተሸነፈው ጉልላት፣ ወገቧን ይዞ ያሽከረክራታል። ከሄሰልቢና ከሶደርማልም ሰፈሮች የሚከታተሉት የሊጉ አባላት በመልእክት ብዛት ስልኮቹን ጠረጴዛው ላይ ያስጨፍሯቸዋል። ጋሽ ኢሳይያስ ጉልበታቸውን ደግፈው ይነሣሉ፤ ቆሎውን ጋዜጣ ላይ ይገለብጡና ሄልሜቱን በሁለት እጃቸው ራሷ ላይ ይደፋሉ።

«ይገባሻል» ይላሉ። «ዋንጫውም፣ ደንቡም።»

ትርሓስ ታለከልካለች፤ ትስቃለች፤ የሄልሜቱን ማሰሪያ አገጯ ሥር ትፈልጋለች።

«ስማኝ፣ ጉልላት። ከረጅም ጉዞ ማግስት አታሰልፈው። በኅዳር ሁልጊዜ ይቀዘቅዛል፤ ታገሠው፣ ከገና በኋላ ይመጣል። ሁለት ሳምንት ባያገባ ደንግጠህ ለሌላ ሰው እንዳትለውጠው።»

ጉልላት እርሳሱን ከጋሽ ኢሳይያስ ተቀብሎ በሰንጠረዡ ጀርባ ይጽፋል።

«በኅዳር ታገሠው» ብሎ ያነብላታል። «ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

በስክሪኑ ላይ ሰዓቱ ያልቃል። ሄግማርክ ሄልሜቱን አውልቆ ወደ ተመልካቹ ያነሣል፤ ፀጉሩ በላብ ከግንባሩ ተለጥፏል። ትርሓስም ታወልቃለች። ከፀጉሯ መሐል ጥቂት የገብስ ፍሬዎች አንድ በአንድ እየተንሸራተቱ ምንጣፉ ላይ ይወርዳሉ።