የጣውንቴ ዝናብ

ባሌ ዋይስ ሁለት ሚስት አለው። እኔ ከድንበሩ ወዲህ ደወሌ፣ ጣውንቴ ሆዳን ከድንበሩ ወዲያ ጅቡቲ ነን። የሙስሊም አገሮች የልማት ባንክ በወለድ አያበድርም፤ ለአባል አገር የጎደለውን ራሱ ገዝቶ ያቀርባል። ጅቡቲ ዝናብ ጎደለኝ ስትል ደመና ገዛላት። የኛ አገር አባል ስላልሆነች ደመናው ኬላው ጋ ሲደርስ ይመለሳል። እኔ ደጄ ላይ ቆሜ ጀርባውን አያለሁ።

ዋይስ ግን አያዳላም። ለሷ ሽቶ ከገዛ ለኔም ይገዛል። ባለፈው ተራዬ ጃንጥላ ይዞልኝ መጣ።

"ሦስት ዓመት ጠብታ ላላየ ቤት ጃንጥላ?" አልኩት።

"ለሷ ገዝቼ አንቺን ብተው አላህ ይጠይቀኛል።"

"ሆዳንስ ምን አለች?"

"ጭቃው አማርሯታል። ልብስም አልደርቅ ብሏታል።"

ቅናት አንገበገበኝ። "ጃንጥላህን ውሰድላት! ለኔ ያማረራትን ጭቃ አምጣልኝ!"

ዛሬ ተራዬ ደርሶ ሲመጣ ጫማው በጭቃ ተለውሷል። እንደ ልማዱ ደጃፉ ላይ ሊያወልቅ ጎንበስ ሲል ክንዱን ያዝኩት።

"አታውልቅ" አልኩት። "ምንጣፉን እየረገጥክ ግባ።"