የተዋሰችው መሰርሰሪያ

የምትበይደውን የመስኖ ቱቦ እንዲያዞርላት ያሰረችበት መሰርሰሪያ ሁለት ዙር ዞሮ ጨሰ። «ማሽን እንዲህ ይፈለሰፋል!» እያለች የሸዋሮቢትን በያጆች ስታሽሟጥጥ ያረፈደችው ሙሚና ጥፋቷ ወዲያው ገባት። የብየዳውን ኤሌክትሪክ መመለሻ ገመድ ቱቦው ላይ መቆንጠጥ ሲገባት መሰርሰሪያው አንገት ላይ ቆንጥጣው ነበር፤ ኤሌክትሪኩ በሞተሩ አልፎ አቃጥሎታል። ማንም ሳያያት ገመዱን ወደ ቱቦው አዛወረችው።

መሰርሰሪያውን ያዋሷት አናጢ ጋሼ እንድሪስ ጭሱን አይተው እየሮጡ ገቡ። ከእሱ ሌላ አልነበራቸውም።

«እኔን ልጄ! ማርጀቱን እያወቅሁ ሰጥቼሽ… እጅሽን አቃጠለሽ እንዴ? አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።»

እውነቱን ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። ስታሽሟጥጣቸው ያረፈደቻቸው በያጆች በሩን ሞልተው ያዩዋታል። የብየዳ ጭምብሏን ከፊቷ ሳታነሳ፣ «አውፍ ብያለሁ፣ ጋሼ» አለቻቸው።